የድንቅነሽ ዕድሜ በምን ታወቀ? ከአፋር አመድ እስከ ማርስ ድንጋይ

ስለ ድንቅነሽ ፌስቡክ ላይ አንድ ነገር በተለጠፈ ቁጥር ከሥሩ የማይጠፋ አስተያየት አለ። «3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን በምን አወቁ? አጥንቷ ላይ ተጽፏል?» ብዙው ሰው ለማሾፍ ነው የሚጽፈው። እኔ ግን ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ቁጥሩን በኩራት የምንደግመው ሰዎችም እኮ ድንገት ብንጠየቅ «በካርቦን ነው» ብለን ነው የምናልፈው። በካርቦን ደግሞ አይደለም።

ካርቦን 14 የሚባለው ዘዴ ለቅርብ ዘመን ነው የሚሠራው። ይህ ካርቦን በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ሲሆነው በቂ የሚለካ ነገር አይተርፍም። ለብራና፣ ለአሮጌ እንጨት፣ ከጥንት ምድጃ ለተገኘ ከሰል ግሩም ነው። ለድንቅነሽ ግን አይሆንም። እሷን ተዉት፣ ኦሞ ውስጥ ለተገኘው የእኛው ዘር የራስ ቅልም አይደርስም።

ታዲያ በምን አወቁ? በአመድ።

የአጥንቱ ዕድሜ በቀጥታ አልተለካም። የተለካው አጥንቱ ካለበት አፈር በላይና በታች የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ቁጥር አመዱ ሜዳውን፣ የወንዙን ዳር፣ የሐይቁን ጠርዝ ያለብሰዋል። በላዩ ላይ ጎርፍ ደለል ያመጣል። ከሺህ ዓመታት በኋላ ደግሞ ሌላ አመድ ይወርዳል። አጥንቱ በሁለት አመዶች መካከል ከተገኘ ከታችኛው ያነሰ፣ ከላይኛው የበለጠ ዕድሜ አለው ማለት ነው። ከድንቅነሽ የምትቀድመውን አርዲን ውሰዱ። መካከለኛው አዋሽ አራሚስ በሚባለው ቦታ ስትገኝ ከሥሯም ከላይዋም አመድ ነበረ፤ ሁለቱም ሲለኩ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኑ። ላይና ታቹ እንዲህ ከተቀራረበ ለክርክር የሚሆን ክፍተት አይኖርም። ድንቅነሽ ደግሞ ሐዳር ላይ ከአንድ የአመድ ንጣፍ ትንሽ ከፍ ብላ ነው የተገኘችው። ያ አመድ በ1994 ሲለካ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ወጣለት። (የሀገራችን አቆጣጠር መሆኑን ካልነገርኳችሁ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጆች ናቸው።)

ይህ አመድ የሩቅ ዘመን ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮች አመድ ለበሱ፤ ደመናው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንንና ኦማንን አልፎ ሕንድ ድረስ ዘለቀ። ለአርብቶ አደሩ ጭንቅ ነው፣ ከብቱ የሚግጠው ሣር ተሸፈነበት። ለምድር ታሪክ ግን ቀኑ በትክክል የታወቀ አንድ ንጣፍ ተጨመረ። ድንቅነሽ አካባቢም የሆነው ይኸው ነው፣ ልዩነቱ ቀኑን የሚመዘግብ ሰው አለመኖሩ ነው።

እሺ፣ የአመዱስ ዕድሜ በምን ይታወቃል? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ።

አመዱ ውስጥ ፌልድስፓር የሚባሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ፣ ውስጣቸው ፖታሲየም አለ። ከፖታሲየሙ ውስጥ እጅግ ጥቂቱ፣ ከ10 ሺህ አተም አንድ ገደማ፣ ፖታሲየም 40 የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ሳይቸኩል፣ ማንም ሳይነካው፣ ሙቀትም ቅዝቃዜም ሳይለውጠው ይፈርሳል። ግማሹ እስኪፈርስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ከሚፈርሰው ውስጥ ወደ 11 በመቶ የሚሆነው አርጎን 40 ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል፣ የቀረው ካልሲየም ይሆናል። አርጎን ደግሞ ከማንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ ነው። ድንጋዩ ቀልጦ በሚንተከተክበት ጊዜ ክዳኑ ከተከፈተ ድስት እንደሚወጣ እንፋሎት አርጎኑ በኖ ያመልጣል፤ ፈንድቶ ሲቀዘቅዝና ክሪስታሉ ሲጠጥር ግን ክዳኑ ይገጠማል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚፈጠረው አርጎን መውጫ ስለሌለው እዚያው ይጠራቀማል። ስለዚህ ምን ያህል ፖታሲየም እንዳለና ምን ያህል አርጎን እንደተጠራቀመ ካወቃችሁ፣ የፈነዳበትን ዘመን አወቃችሁ።

ሒሳቡ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ግን እዩልኝ። በድንቅነሽ ዕድሜ ውስጥ ከ10 ሺህ የፖታሲየም 40 አተሞች የፈረሱት 18 ገደማ ብቻ ናቸው። ከነዚያ 18 ደግሞ አርጎን የሆኑት 2 ገደማ። እነዚያን 2 ለመቁጠር ነው ያ ሁሉ ድካም። ያውም የምንተነፍሰው አየር ራሱ 1 በመቶ ገደማ አርጎን ስለሆነ፣ ትንሽ አየር ከገባ ልኬቱን ያበላሸዋል። ለዚህም መላ አላቸው። የአየር አርጎን ውስጥ አርጎን 36 የሚባል ዓይነት አለ፤ እሱን ቆጥረው ምን ያህል አየር እንደገባ ያውቁና ይቀንሱታል።

ሥራው በቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። ከመስክ የመጣው አመድ ይታጠባል፣ ይነፋል። ከዚያ አንድ ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡትን ክሪስታሎች አንድ በአንድ በወረንጦ ይለቅማል። ንጹሕ የሆነው፣ ያልተሰነጠቀው፣ ያልደፈረሰው ብቻ ይመረጣል። የተለቀሙት አሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ በተበሱ ትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ ገብተው ኑክሌር ሪአክተር ውስጥ በኒውትሮን ይመታሉ። ለምን? ተራው ፖታሲየም 39 በኒውትሮን ሲመታ አርጎን 39 ይሆናል። ስለዚህ ፖታሲየሙን ለብቻው፣ አርጎኑን ለብቻው ከመለካት ይልቅ ሁለቱንም ከዚያችው ክሪስታል፣ በአንድ ጊዜ፣ እንደ ጋዝ ትለካቸዋላችሁ። ከሪአክተር ሲወጣ ክሪስታሏ በሌዘር ትቀልጣለች፣ የወጣው ጋዝ ይጣራል፣ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው መሣሪያ አተሞቹን በክብደታቸው ለይቶ ይቆጥራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ኑክሌር ሪአክተር ስለሌለ አመዳችን ዕድሜውን ለመስማት ባሕር መሻገሩ ግድ ነው። ይህ ይቆጨኛል። አጥንቱ አዲስ አበባ ይቀመጣል፣ ሰዓቱ ግን ውጭ ነው የሚነበበው።

አሁን ወደ ጠፈር ልውሰዳችሁ፣ ምክንያቱም ይህ ዘዴ ለአጥንት ተብሎ አልተፈለሰፈም። ክሬግ ሜሪሁ እና ግሬንቪል ተርነር በ1966 ዘዴውን ሲያሳትሙ የሚያጠኑት ሜትሮይት ነበር፣ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ። በ1969 አፖሎ 11 ከጨረቃ 21 ኪሎ ተኩል ገደማ ድንጋይና አፈር ይዞ ሲመለስ ተርነር በዚሁ ዘዴ ለካው፤ የጨረቃ ሜዳዎች ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ እንዳስቆጠሩ ታየ። ያ መሣሪያ ነው በኋላ ወደ አፋር የወረደው። እኛ የሰው ልጅ አመጣጥን አንድ ገጽ ላይ፣ ጠፈርን ሌላ ገጽ ላይ እናነባለን፤ ሰዓቱ ግን አንድ ነው።

ማርስም ላይ ሠርቷል። በ2013 ኪዩሪዮሲቲ የምትባለው ተንቀሳቃሽ ሮቦት ጌል በሚባለው ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ሰርስራ፣ ዱቄቱን ሆዷ ውስጥ ባለው ምድጃ አሙቃ፣ የወጣውን አርጎን ለካች። ፖታሲየሙን በሌላ መሣሪያዋ። 4.21 ቢሊዮን ዓመት ወጣ፣ ወደላይም ወደታችም 350 ሚሊዮን ዓመት ሊዛነፍ ይችላል ተብሎ። ሰው ሳይነካው፣ በሌላ ፕላኔት ላይ የድንጋይ ዕድሜ ሲለካ የመጀመሪያው ይህ ነው። በ2024 የቻይናዋ ቻንግ ኧ 6 ከጨረቃ ጀርባ ያመጣችው ድንጋይ ደግሞ 2.8 ቢሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኘ፤ እዚያ የተጠቀሙት የእርሳስ ማዕድን ሰዓት ነው፣ ሐሳቡ ግን ያው የአተም መፍረስ ነው።

ከጠፈር ጋር ያለው ሌላው ገመድ የበለጠ ያስገርመኛል። ማንኛውም ሰዓት መሞላት አለበት። የአርጎኑን ሰዓት የሚሞሉት አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ፊሽ ካንየን ከሚባል ቦታ በመጣ፣ ዕድሜው በደንብ በታወቀ ክሪስታል ነው። ከአፋሩ ክሪስታል ጎን ለጎን ሪአክተር ውስጥ ያስገቡትና በእሱ ያመዛዝናሉ። የእሱ ዕድሜስ በምን ታወቀ? በ2008 የወጣው ጥናት መልሱን ያገኘው ከምድር ምሕዋር ነው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር መንገዷም አዘነባበሏም ቀስ እያለ፣ በ10 ሺዎች በሚቆጠር ዓመት ዙር ይለዋወጣል፤ አየሩ አብሮ ይለወጣል፤ የባሕር ደለል ያንን ለውጥ በየንጣፉ ይመዘግበዋል። የሥነ ፈለክ ሰዎች ዙሩን ወደ ኋላ ማስላት ይችላሉ። ተመራማሪዎቹ ሞሮኮ ውስጥ ያለ የጥንት ባሕር ደለል በዚህ መንገድ ቆጥረው፣ መሐሉ ከተገኘው አመድ ጋር አስተያይተው፣ የፊሽ ካንየኑ ዕድሜ 28.2 ሚሊዮን ዓመት ነው አሉ። ቀድሞ ይጠቀሙበት ከነበረው ከ1 በመቶ በታች ነው የጨመረው። ድንቅነሽ ላይ ሲመነዘር ግን ያቺ ሽርፍራፊ 20 ሺህ ዓመት ገደማ ትሆናለች። እና የአፋር አጥንት ዕድሜ የሚነበብበት ሰዓት የተስተካከለው በፕላኔቶች ጉዞ ነው።

«ታዲያ አይሳሳቱም?» ይሳሳታሉ። ተሳስተውም ያውቃሉ። ቱርካና ሐይቅ ምሥራቅ፣ ኬንያ ውስጥ ኩቢ ፎራ ላይ አንድ የታወቀ አመድ አለ። በ1970 ገደማ ሲለካ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ወጣ። ከሥሩ በ1972 ትልቅ አንጎል የነበረው የራስ ቅል ተገኘና ዓለም ጉድ አለ፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው መሰል ፍጡር መኖሩ የተለመደውን ታሪክ ሁሉ የሚገለብጥ ነበርና። ነገሩን ያፈረሰው ማን መሰላችሁ? አሳማ። የጥንት አሳማዎች ጥርስ በየዘመኑ ይለዋወጥ ነበር፤ የኩቢ ፎራዎቹ አሳማዎች ደግሞ እኛ ኦሞ ሸለቆ ውስጥ ካሉትና 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካላቸው አሳማዎች ጋር ቁርጥ አንድ ሆኑ። አመዱ 2.6 ይላል፣ አሳማው 2 ይላል። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፣ ሰዎችም ተኮራረፉበት። በመጨረሻ በጥንቃቄ የተለቀሙ ክሪስታሎች ተለክተው 1.9 ሚሊዮን ገደማ ወጣ፣ አሳማዎቹ ረቱ። ችግሩ ወንዝ አመዱን ሲያጥበው የቀደመ ዘመን ድንጋይ ቀላቅሎበት መሆኑ ነው። ዛሬ ክሪስታሉ አንድ በአንድ በሌዘር የሚቀልጠው ለዚህ ነው፤ ከመሐል አንዱ አሮጌ ቢሆን ብቻውን ያስታውቃል። አንድ መንገድ ብቻ የሚያምን ሳይንቲስት የለም። አመዱ፣ እንስሳቱ፣ ድንጋዩ ውስጥ የተቀረጸው የምድር መግነጢስ አቅጣጫ፣ ሁሉም መስማማት አለባቸው።

ወደ ኦሞ እንሂድ። ኦሞ ኪቢሽ ላይ በ1967 የተገኘው «ኦሞ 1» የሚባለው ቅሪት ከኛ ብዙም የማይለይ ሰው ነው። ለረጅም ጊዜ 195 ሺህ ዓመት ገደማ ይባል ነበር። ከበላዩ ከ2 ሜትር የሚወፍር አመድ አለ፣ ግን የየትኛው እሳተ ገሞራ መሆኑ አይታወቅም ነበር፤ ቅንጣቱ እጅግ ከመላሙ የተነሣ በአርጎን ሊለካ አልቻለም። ሴሊን ቪዳል የመሩት፣ የእኛው ፕሮፌሰር አስፋወሰን አስራትም ያሉበት ቡድን ሌላ መንገድ ሄደ። እያንዳንዱ ፍንዳታ የራሱ የኬሚካል አሻራ አለው። ስለዚህ የስምጥ ሸለቆን እሳተ ገሞራዎች እየዞሩ ናሙና ለቅመው አሻራቸውን ከኦሞው አመድ ጋር ማስተያየት ያዙ። የገጠመው የሻላ ሆነ። ወደ ሐዋሳ ስትሄዱ ከላንጋኖ ማዶ በስተቀኝ የምታልፉት ሻላ ሐይቅ፣ ያ ጥልቅ ውኃ፣ የፈነዳ ተራራ አፍ ነው። እዚያ አፉ አጠገብ የወደቀው አመድ ደግሞ ሊለካ የሚችል ትልልቅ ክሪስታል አለው። ሲለካ 233 ሺህ ዓመት ወጣ። ከሻላ ተነሥቶ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ኦሞ ላይ የወረደ አመድ ነው የኦሞ 1ን ዕድሜ የነገረን።

በ2022 ይህ ዜና ሲወጣ «የሰው ልጅ 233 ሺህ ዓመቱ» ተብሎ ተሰራጨ። ሁለት ነገር ተቆርጦ ነው የተሰራጨው፣ ሁለቱም ያናድዱኛል። አንደኛ፣ ቁጥሩ ብቻውን አልወጣም፤ 22 ሺህ ዓመት ወደላይም ወደታችም ይዟል። ይህ ደግሞ የድክመት ምልክት አይደለም። የሚለካ ሰው ልኬቱ እስከየት እንደሚታመን ሲነግራችሁ ነው ሐቀኛ የሚሆነው። ሁለተኛ፣ አመዱ ከቅሪቱ በላይ ነው። ስለዚህ 233 ሺህ ቢያንስ ነው። ኦሞ 1 አመዱ ከመውረዱ በፊት ሞቶ ተቀብሯል፤ ምን ያህል በፊት የሚለውን አመዱ አይነግረንም። ሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ ላይ በእሳት ከተለበለበ የድንጋይ መሣሪያ የተገኘው 300 ሺህ ዓመት ገደማ ስለሚበልጥ «ሞሮኮ በለጠችን» ብለው የሚያለቅሱም አይቻለሁ። የኳስ ውድድር አይደለም። የሞሮኮዎቹ የራስ ቅል ገና እንደኛ ክብ አልሆነም፣ ወደኋላ የተለጠጠ ነው፤ የኦሞው አገጭም አለው፣ የራስ ቅሉም እንደኛ ከፍ ያለ ነው።

2025 ደግሞ ለአፋር የተለየ ዓመት ነበር። ዶ/ር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የሚመሩት ቡድን በ2009 ወራንሶ ሚሌ፣ ቡርተሌ ላይ 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው የእግር አጥንት አግኝቶ ነበር። ስምንት አጥንት ነው። አውራ ጣቱ እንደ እጃችን አውራ ጣት ወደ ጎን ወጥቶ ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ነው። የድንቅነሽ ዘመዶች እግር ግን እንዲህ አይደለም። የማን ነው ታዲያ? ቡድኑ ከ10 ዓመት በላይ ስም ሳይሰጠው ታገሰ። በ2025 ከዚያው አካባቢ የተገኙ ተጨማሪ ጥርሶችና መንጋጋ ይዘው አውስትራሎፒቴከስ (ድንቅነሽም የምትመደብበት ወገን) ደይረመዳ የሚባለው ዝርያ ነው አሉ። የጥርሱ ኬሚካል ደግሞ የሚበላው በዋናነት ከዛፍና ከቁጥቋጦ እንደነበር አሳየ፤ የድንቅነሽ ወገን ሣር ነክ ምግብም ይጨምር ነበር። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ሰፈር፣ ሁለቱም በሁለት እግር የሚሄዱ፣ አረማመዳቸውም ምግባቸውም የተለያየ። «በአንድ ዘመን» የምትለዋን ቃል በሙሉ አፍ መናገር የተቻለው አመዱ ስለተለካ ነው። አመዱ ባይኖር አንዱ የሌላው አያት ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም ነበር።

ከዚያ ሌዲ ገራሩ የሚባለው የአፋር ቦታ አለ። በ2013 ቻላቸው ስዩም፣ ያኔ ተማሪ ነበር፣ የግራ መንጋጋ ቁራጭ አገኘ፤ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ የሆሞ ወገን (እኛ የምንመደብበት) ቀዳሚው ቅሪት ተባለ። በነሐሴ 2025 እዚያው አካባቢ የተገኙ 13 ጥርሶች ታተሙ። ከፊሎቹ የሆሞ ናቸው፣ 2.78 እና 2.59 ሚሊዮን ዓመት። ከፊሎቹ ግን አውስትራሎፒቴከስ ናቸው፣ 2.63 ሚሊዮን ዓመት። የድንቅነሽን ጥርስ አይመስሉም፤ እሷም ወገኗም በዚያ ሰዓት ከአፋር ከጠፉ ቆይተዋል። አዲስ ፍጡር ነው፣ ስም ግን አልወጣለትም፤ በጥርስ ብቻ ስም አይወጣም፣ የራስ ቅል ይፈልጋል። አሁን ተመራማሪዎቹ የጥርሶቹን የላይ ሽፋን እየመረመሩ ነው። ማወቅ የሚፈልጉት እነዚህ ሁለት ጎረቤቶች አንድ ዓይነት ምግብ ላይ ይሻሙ ነበር ወይስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ገበታ ነበራቸው የሚለውን ነው።